የአራት ሰዓት ተኩሉ ጭስ

ሱሉልታ፣ ሐሙስ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለሊቤ፣ ለአፍንጮዬ፦

አካም ጅርታ? ነጋዳ? እኔን ከጠየቅሽ ጉልበቴ አሁንም ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። ጥርስ ሦስት ቀርቶኛል፤ ሦስቱም ተኳርፈዋል መሰለኝ አይገናኙም። ቡሬዋ ላም ወልዳለች። ጥጃዋ ያገኘችውን ሁሉ ስለምታሸት በአንቺ ስም ልጠራት አስቤ ነበር፤ ላሟ ቅር ይላታል ብዬ ተውኩት።

ይኸው፣ ዛሬ እንኳ አልቀልድም ብዬ ተቀምጬ ገና በሩ ላይ ቀለድኩ።

በየእሁዱ በስልክ እየተያየን ምን ደብዳቤ አስፈለገ ትዪ ይሆናል። በስልክ ፊቴን ታዪዋለሽ። ወረቀት ፊት የለውም፤ ለዚህ ነው። ስጨርስ ባለሱቁ ከድሩ እንደ ደብተሩ ሁሉ ይህንንም ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። እንዳያነበው አስምዬዋለሁ። (ከድሩ፣ እዚህ ከደረስክ መሐላህን በልተሃልና እንግዲህ ዝም ብለህ ቀጥል።)

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልጻፈው፤ ወደ መጨረሻ ካቆየሁት እንደምሸሽ ራሴን አውቀዋለሁ። የፊታችን ረቡዕ፣ መጋቢት 3፣ አለቆችሽ ፊት ቀርበሽ «መሣሪያዬ ጭስ ሲበዛ ይታወራል» እንዳትዪ። ከሚቀጥለው ሳተላይትም እንዳታስወጪው። መሣሪያሽ አልታወረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። የዋሸው የሱሉልታው ደብተር ነው። ደብተሩን ደግሞ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን ትንሽ ልተንፍስ።

እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ። መስከረም ላይ ከሆላንድ ስትመጪ ጠረጴዛዬ ላይ ባዶ የጫማ ሳጥን አስቀመጥሽ። «አካኮ፣ ትልልቆቹ ሳተላይቶች የሚሸከሙት መሣሪያ ፍሪጅ ያክላል፤ የኔ ይኼን ያክላል» አልሽኝ። ብርሃን እንደ ፀጉር በቀጠነች ስንጥቅ ይገባና ውስጡ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል አልሽ። አየሩ ላይ ያለው ጭስና ጋዝ ሁሉ ከቀስተ ደመናው የየራሱን ቀለም ይበላል። አንቺ የጎደለውን ቀለም አይተሽ ማን እንደበላው ታውቂያለሽ። «ይኼማ ሌባ አደን ነው» አልኩሽ፤ ሳቅሽ። በሆዴ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ስድስት ዓመትሽ ላይ በር ላይ ቆመሽ አፍንጫሽን ወደ ላይ አድርገሽ «ይኼ የአዴ ድንቅቱ ቅጠል ነው፣ ይኼ የከድሩ ካርቶን ነው፣ ይኼ የእኛ ኩበት ነው» ትዪ ነበር። አንድም ቀን ተሳስተሽ አታውቂም። እንግዲህ ያቺን አፍንጫ ነው ሳጥን ውስጥ ከተሽ ሰማይ ላይ የሰቀልሽው ብዬ ደነቀኝ።

ከዚያ ያቺን በእጅ የምትያዝ መለኪያ ሰጠሽኝ። አንዷን ሰበታ ለአስተማሪው ለሲላስ፣ አንዷን ቡራዩ ገፈርሳ አጠገብ ላለችው ነርስ ለደራርቱ፣ አንዷን ለእኔ። ትእዛዙ ለልጅ እንኳ ቀላል ነበር። የአንቺ ሳተላይት በእኛ ላይ የሚያልፈው ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት መለኪያዋን ወደ ፀሐይ ማነጣጠር፣ ቁልፏን መጫን፣ የወጣውን ቁጥር መጻፍ። ጭስ ከበዛ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ አየሩ ከጠራ ዝቅ ይላል። ሦስታችን ከታች ያየነውና የአንቺ ሳጥን ከላይ ያየው ከተስማማ ሥራሽ ተመሰከረለት ማለት ነው። ደመና ከሆነ ደግሞ ባዶ መተው። «ባዶ ቦታም መረጃ ነው አካኮ፤ እንዳትሞላው» አልሽኝ፤ ጣትሽንም ቀስረሽብኝ ነበር።

ጥቅምትን በሙሉ በታማኝነት ሠራሁ። ይህን እመኚኝ። እንግዲህ እመኚኝ የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ከወጣ ምን ያህል እንደሚመዝን አላውቅም።

ኅዳር ላይ በእድር ቀን ሸራው ሥር ተቀምጠን ሳለ ከድሩ ጀመረኝ። «ኦቦ ቦጂያ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ የሚደግኑት ነገር ምንድን ነው? ከእግዜር ጋር ተጣሉ እንዴ?»

እኔ ደግሞ ሰው ከሰበሰቡልኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ።

«ሊቤ ናት» አልኩ። «ልክ በአራት ሰዓት ተኩል ከላይ ታልፋለች። የማን ጓሮ እንደሚጨስ ትመዘግባለች።»

«ስም ትጽፋለች?»

«ከነአያት ስም።»

አዴ ድንቅቱ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች። «የኔንም የአረቄ ጭስ?»

«አንቺንማ በቀይ ነው የምትጽፍሽ።»

ሸራው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቄን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ በአራት ሰዓት ተኩል የድንቅቱ ጓሮ ጭስ የለውም። ያቺ ሴት እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያነደደች እስከ ቀትር አረቄ ስታወጣ አርባ ዓመት አይቻታለሁ። ታማ ይሆን ብዬ ሄድኩ። ጓሮዋ ተጠርጓል፣ ቅጠሉ ሸራ ለብሷል፣ እሷ ንጹሕ ነጠላ አጣፍታ በር ላይ ቆማለች።

«ምነው ድንቅቱ፣ ሠርግ አለ?»

«ሊቤ ታልፋለች ብለውኝ የለ ኦቦ ቦጂያ? እናቷ ስትሞት በጀርባዬ ያዘልኳት ልጅ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ ስትመጣ ጭስ ይቀበላት? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ?»

ያን ጊዜ «ቀልዴን ነው እኮ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር። አላልኩም። ደስ አለኝ ሊቤ። ሰው ቀልዴን እንዲህ አምኖት አያውቅም።

በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ተከተላት። ግማሹ ለአንቺ ክብር፣ ግማሹ ደግሞ ስሙ ቀበሌ እንዳይደርስ ፈርቶ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ገለባ የሚያነድ የለም፣ ቆሻሻ የሚያቃጥል የለም፣ ከድሩ እንኳ ካርቶኑን አጣጥፎ ያስቀምጣል። ነፋሱ የተረፈውን ጠርጎ ይወስደውና በአራት ተኩል ሜዳው እንደ ፋሲካ ጠዋት ጥርት ይላል። እኔ ደግሞ ዱላዬን ይዤ በየአጥሩ እየዞርኩ እቆጣጠራለሁ። ከድሩ «የጭስ ሚኒስትር» ብሎ ሾመኝ። «ክቡር ሚኒስትር፣ የኔ ሻይ ማንቆርቆሪያ ፈቃድ አለው?» ይለኛል። እኔም እፈቅድለታለሁ። ሹመት እንዲህ የሚጥም መሆኑን በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ አወቅሁት።

ታዲያ መለኪያዋስ? መለኪያዋ ቤት ተቀምጣለች። እየዞርኩ ፀሐይ ላይ መደገን አልቻልኩም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ጭሱ ሜዳው ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተኝቶ ሳለ፣ ቶሎ ለክቼ ደብተሩ ላይ «አራት ሰዓት ተኩል» ብዬ እጽፍ ጀመር። ሰማዩ ያው ሰማይ ነው፣ የሁለት ሰዓት ተኩል ልዩነት ምን ይለውጣል አልኩ። አንዳንድ ቀን ከናካቴው ረስቼው ይመሻል፤ ያን ቀን የትናንቱን ቁጥር ትንሽ ቀነስ ጨመር አድርጌ እጽፋለሁ። ደመና የሆነ ቀንም እንደዚያው። ደብተሩን ገልብጪው፤ ከኅዳር ወዲህ አንድ ባዶ መስመር የለውም። ሦስት ወር ሙሉ ደመና ያልዞረበትን ሱሉልታ ማን አይቶ ያውቃል? ያን እንኳ አላስተዋልሽም፤ ስላመንሽኝ ነው።

እንግዲህ የሠራሁትን አየሽው። ከላይ መሣሪያሽ የጠራ አየር ያያል፤ እውነት ጠርቶ ነበርና። ከታች የእኔ ደብተር ጭስ ሞልቷል ይላል።

ጥር ላይ የደወልሽውን እሁድ እስክሞት አልረሳውም። ዓይንሽ አብጦ ነበር። የሰበታውና የቡራዩው ደብተር ከመሣሪያሽ ጋር ገጥሟል፣ የሱሉልታው ግን አልገጠመም አልሽኝ። ጭሱ ከበዛበት ቦታ ላይ ይታወር ይሆናል ብለሽ መሣሪያውን ከሥሩ እንደገና ልትፈትሺው ተነስተሻል። አምስት ዓመት የደከምሽበትን። እኔም ምን አልኩሽ? «መነጽር ግዢለታ!»

አልሳቅሽም። ብዙ ቀልድ ከሽፎብኝ ያውቃል፤ እንደዚያኛው ያቃጠለኝ ግን የለም።

ከዚያ ነገርሽኝ። አለቃሽ «የሱሉልታውን ደብተር ጥለነው ሁለቱን ብንይዝስ?» ሲልሽ እምቢ ማለትሽን። «አያቴ በአፉ ነው የሚቀልደው፣ በእጁ ቀልዶ አያውቅም። እሱ የጻፈው ልክ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልሽው። እኔ ይህን ሰምቼ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞርኩት። ኔትወርክ ጠፋ ብዬሽ ነበር። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። በማግሥቱ መናገር ነበረብኝ። በየእሁዱ «ዛሬስ» እያልኩ ስለ ላሟ አወራሁሽ። አንቺ መሣሪያሽን እየፈታሽ ስትመረምሪ እኔ ዱላዬን ይዤ ጓሮ እዞር ነበር፤ ምክንያቱም አሁን ብተወው ሰው ለምን ተውክ ይለኛል። ውሸት እንደ በሬ ነው ይባላል ወይ? አይባልም መሰለኝ፤ ግን አንዴ ከተጠመደ ማሳው ሳያልቅ አይፈታም።

ያስፈታኝ የድንቅቱ ሳል ነው።

የካቲት መባቻ ላይ በአጥሯ በኩል ሳልፍ ከውስጥ ስትስል ሰማሁ። ጠራሁ፤ «ይግቡ» አለች ድምጿ ተዘግቶ። በሩን ስከፍተው ጭሱ ገፈተረኝ። ያቺ መስኮት የሌላት ጓዳ ውስጥ ምድጃውንና ጋኑን አስገብታ፣ በር ዘግታ፣ እርጥቡን ቅጠል እዚያ ታነዳለች። ዓይኗ ፍም መስሏል።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? ማልፍ፣ ለምን እዚህ?»

«ውጭ ከሆነ ይታያላ። ሥራዬንም መተው አልቻልኩም፣ ልጅቷንም በጭስ መቀበል አልፈለግሁም። ሦስት ወር ሆነኝ እኮ፣ ለመድኩት።» ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ለመሆኑ ሊቤ ደስ አላት? ጓሮዬን አየችው?»

«አየችው። በጣም ደስ ብሏታል» አልኳት።

ሊቤ፣ ይህን ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ለይተሽ ያዢልኝ። ሌላው ቀልድ ነበር፣ ስንፍና ነበር፣ ፍርሃት ነበር ልል እችላለሁ። ይኼኛው ግን ሰበብ የለውም። ከሰማይ የደበቅሁትን ጭስ አንዲት ሴት ሳንባዋ ውስጥ አስቀምጣልኝ፣ እኔ አመሰገንኳት። ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች በጎጃም መንገድ ዳር እየተነፈሱ ሲያልፉ «አባባ፣ ደህና ነዎት?» አሉኝ።

የካቲት 16፣ እሁድ፣ እድሩ ሲሰበሰብ ተነሳሁ። ሰው ገና ሳልናገር ፈገግ አለ፤ ሲያዩኝ ልማዳቸው ነው። ያ ፈገግታ ነው የከበደኝ። «ሊቤ የማንንም ስም አትጽፍም» አልኩ። «መሣሪያዋ ከዚያ ላይ የሰፈሩን አየር በጥቅሉ እንጂ የማንንም ማድጋ አያይም። ጭሱን እንዳለ ማየት ነው ሥራዋ። እኛ ደበቅንባት። ያስደበቅኋችሁ እኔ ነኝ። ደብተሯንም በውሸት ሞላሁት። አሁን እዚያ ራሷን እየወቀሰች ነው።»

መጀመሪያ ከድሩ ነው የተናገረው፦ «ክቡር ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ።» ማንም አልሳቀም፤ እሱም ወዲያው ደነገጠ።

ድንቅቱ ተነሳች። «ኦቦ ቦጂያ፣ ዱላዎን ፈርቼ መሰለዎት እሳቴን ያጠፋሁት?»

«አዎ፣ ትንሽ መስሎኝ ነበር።»

«እርስዎን ማን ይፈራል! ሊቤን ብዬ ነው። ሁላችንም ሊቤን ብለን ነው። የእርስዎን ቀልድማ ማን ያምናል፣ የልጅቷን ስም ባይጠሩበት ኖሮ?»

ተቀመጠች። አየሽ፣ ሹመቱም የኔ አልነበረም። በአንቺ ስም ነው የነገሥኩት።

ከዚያ ፈረዱብኝ። ሁሉም እንደ ወትሮው እሳቱን ያነዳል። እኔ በየቀኑ ልክ በአራት ተኩል እለካለሁ፤ ቁጥሩን ግን ብቻዬን አልጽፍም፤ ድንቅቱ አጠገቤ ቆማ ታያለች፣ ከጎኑ ጣቷን ታትማለች። እኔና ከድሩ ጋኑን ተሸክመን ወደ ጓሮ መለስንላት፤ ወገቤ እስካሁን ይሰማዋል። ጤና ጣቢያም ወሰድኳት። ሳሏ ቀነስ ብሏል እንጂ አልለቀቃትም። ይቅር ብላኛለች ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ እኔም አልጠየቅኋት። በየጠዋቱ በአራት ሰዓት በር ላይ ትመጣና «ይነሱ፣ ውሸታም» ትለኛለች። በአንቱታ ነው የምትሰድበኝ፤ ክብሬን አልነካችም።

አሥራ አንድ ቀን ሆነን። ቁጥሮቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። መሣሪያሽ በእነዚህ ቀናት ካየው ጋር አስተያዪው። ከገጠመ፣ እንደሚገጥምም አውቃለሁ፣ ረቡዕ ዕለት ቀና ብለሽ ግቢ። የድሮውን ደብተር ጣዪው። አታቃጥዪው ግን፤ ይጨሳል። አለቃሽ ማን ነው የዋሸው ካለም አታድበስብሺልኝ፤ «አያቴ ቦጂያ ነው» በዪ፣ ስሜን አስተካክለሽ ጻፊው። ስለ እጄ የተናገርሽውን ቃል ደግሞ መልሰሽ ውሰጂው። እንደገና የሚገባኝ ቀን ከመጣ ያኔ ትሰጪኛለሽ፤ ካልመጣም አልከስሽም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በዚያ ሰዓት ለምን አልለካሁም? ጓሮ መዞሩ ነው፣ መርሳቱ ነው ብዬ ከላይ ጻፍኩ። እሱም እውነት ነው፤ ግን ዙሩን አራት ሰዓት ከሩብ ላይ እጨርስ ነበር። መለኪያዋ የምትፈልገው ወደ ፀሐይ መዞር ነው። አንቺ ደግሞ ሳተላይቱ ጠዋት ከሰሜን፣ በጎጃም በኩል ነው የሚመጣው ብለሽኝ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አይቻልም። እኔ ጉብታው ላይ ወጥቼ ቆቤን አውልቄ ወደ ጎጃም ዞሬ እጠብቅሽ ነበር። ምንም አይታይም። ካለፈ በኋላ ቆቤን አድርጌ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ፀሐይ ነው የምዞረው። ድንቅቱ ትቆጣጠረኛለች።

ብዙ ቀዝቃዛ ቀን አለ ብለሽኛልና ጋቢውን ከሻንጣው አውጪው። ሥራሽ ይቅናልሽ። ያየሽውን የሚያምንልሽ ሰው አይጥፋ፤ የምታምኚውም ሰው እንደኔ አይሁንብሽ። የድንቅቱ ጀርባ እንዳዘለሽ ሁሉ የእናትሽ አምላክ ከፍ አድርጎ ይያዝሽ። ዋቀዮ ከላይም ከታችም ይጠብቅሽ።

ያሳፈረሽ አያትሽ
ቦጂያ

ከደብተሩ የመጨረሻዎቹ መስመሮች፣ ሁሉም በአራት ሰዓት ተኩል፣ የድንቅቱ ጣት ከጎናቸው አለ፦

ሰኞ፣ የካቲት 24፦ ዜሮ ነጥብ ሰባት። ሦስት ቤት ገለባ ይነድ ነበር።
ማክሰኞ፣ የካቲት 25፦ ዜሮ ነጥብ ስምንት። የድንቅቱ ቅጠል እርጥብ ነበር።
ረቡዕ፣ የካቲት 26፦ ዜሮ ነጥብ ስድስት። ነፋስ።
ሐሙስ፣ የካቲት 27፦ ደመና ነው። ባዶ ተውኩት።